ሦስተኛውን ምድብ ያመለጠው አውሮፕላን

ቺዙሩ ኪሪሃታ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ታካማትሱ ከተማ ውስጥ በምትሠራበት አነስተኛ የጉዞ ድርጅት ባልደረቦቿ «የቺዙሩ ወንበር ሳይቀመጡበት ሊያረጅ ነው» እያሉ ይስቁባታል። ሥራዋ ተማሪዎች ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ መጓጓዣቸውን ማሰናዳት ነው። አውሮፕላኑ ከባቡሩ፣ ባቡሩ ከአውቶብሱ፣ አውቶብሱ ከሻንጣ መኪናው ጋር መገጣጠም አለበት፤ አንዱ ከዘገየ የቀረው ሁሉ ተያይዞ ይናዳል። ይህን ስለምታውቅ ሁሉ ነገር አማን በሆነበት ቀን እንኳ ስልኳን በእጇ እያገላበጠች ኮሪደሩን ስትመላለስበት ትውላለች።

ድሮ ከተማሪዎቹ ጋር አብራ ትጓዝ ነበር። ሴኡል፣ ሲንጋፖር፣ ታይፔ። የሌላ ሰው ልጆች ሰብስባ ስትወስድና ስትመልስ፣ የራሷ ልጅ ሺዮሪ የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀውም ብስክሌት የለመደችውም እሷ በሌለችበት ነው። ከባሏ ከሚዞቡቺ ጋር ሲለያዩ ሺዮሪ ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ተጠየቀች። ብዙም አላሰበችበትም።

«ከአባዬ ጋር። እሱ ቤት ይገኛል» አለች።

ቺዙሩ ከዚያ በኋላ አለቃዋን ለምና የቢሮ ሥራ ብቻ ያዘች። ግን በጊዜ ቤቷ ብትገባም የሚጠብቃት ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ጸደይ የሺዮሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ወደ ታይዋን ለመላክ የቺዙሩን ድርጅት መረጠ። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያሰናዳችው ቺዙሩ ናት፤ አብሮ ሊሄድ የነበረው ግን ኦኖዴራ የሚባል ባልደረባዋ ነበር። መነሻው ሲቃረብ ኦኖዴራ የውሃ ካርቶን አነሣለሁ ብሎ ወገቡን ተያዘና ከአልጋ ዋለ። ሌላ የሚላክ ሰው አልተገኘም።

በማግስቱ ሺዮሪ ደወለች። ከደወለች ወራት አልፈው ነበር።

«አንቺ ነሽ አሉ የምትመጪው» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ኦኖዴራ ታመመብኝ። ሌላ ሰው ብፈልግ ብፈልግ…»

«እሺ፣ በቃ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። እዚያ እናቴ አይደለሽም። የጉዞ ድርጅቷ ወይዘሮ ኪሪሃታ ነሽ፣ እኔ ደግሞ ሚዞቡቺ ነኝ። ማንም አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልፈልግም። እሺ?»

«እሺ» አለች ቺዙሩ። ሌላ ነገር ልትጨምር አፏን ስትከፍት ስልኩ ተዘጋ።

ሺዮሪ እንዳለችው አደረገች። በጉዞው ሁሉ እናቷን «እርስዎ» ስትላት ሰነበተች። «ይቅርታ፣ ይህን ሻንጣ ይቀበሉኛል?» ትላለች፣ ዓይኗን ከቺዙሩ ትከሻ በላይ አሻግራ። «አመሰግናለሁ ወይዘሮ» ብላ ትሄዳለች። ቺዙሩም ለሁሉም እንደምትለው «ቀበቶሽን እሰሪ» ትላታለች። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ተራራ ላይ የሻይ ቅጠል ሲለቅሙ፣ ልጇ ጓደኛዋን ማዶካን ተደግፋ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ከሩቅ አየቻት። እንዲህ ስትስቅ አይታት አታውቅም ነበር። ቺዙሩ ወደ አውቶብሱ ተመልሳ ጎማዎቹን ዞራ ፈተሸች። ጎማዎቹ ምንም አልሆኑም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ከታይናን ከተማ በፈጣኑ ባቡር ወደ ሰሜን ሄደው፣ ከአየር ማረፊያው ወደ ታካማትሱ ይበራሉ። ተማሪዎቹ የተከፈሉባቸው ሦስቱም ምድቦች ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈው ሳለ መጀመሪያ የጮኹት ስልኮቹ ናቸው፤ የሁሉም ስልክ ባንድ ጊዜ። ከዚያ ወለሉ እንደ ጀልባ ተወዛወዘ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉት ሰሌዳዎች ወዲያ ወዲህ አሉ። የጃፓን ልጆች ለመሬት መንቀጥቀጥ እንግዳ አይደሉም፤ ቁጢጥ ብለው ራሳቸውን በቦርሳቸው ከለሉ፣ ሲያቆምም ብድግ ብለው «የኛው ይበልጣል» እየተባባሉ ይሳሳቁ ጀመር። ቺዙሩ አልሳቀችም። ዓይኗ የባቡሮቹ ሰዓት የሚታይበት ሰሌዳ ላይ ነበር። ጽሑፉ አንድ በአንድ ቀይ ሆነ።

የጉዞው ኃላፊ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኩራሞቺ እየተጣደፈ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲጨንቀው ክራቫቱን የሚያጠብቅ ሰው ነው።

«ወይዘሮ ኪሪሃታ፣ ቀላል ነው አይደል? አሁን ይንቀሳቀሳል አይደል?»

«ሐዲዱን ፈትሸው ሳይጨርሱ አይንቀሳቀስም።»

«መቼ ይጨርሳሉ ታዲያ?»

«እነሱም አያውቁትም። እዚህ ቆመን ከጠበቅን አውሮፕላኑ ጥሎን ይሄዳል። አውቶብስ ልፈልግ።»

ይህን ስትል ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነበር። የደወለችው ለጁዋንግ ነው። ጁዋንግ በዚያው በደቡብ ታይዋን የአውቶብስ ድርጅት አለው፤ ለብዙ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ጃፓንኛ የተማረው ከሴት አያቱ ስለሆነ ሲናገር አሮጊት ይመስላል።

«እህቴ! አለሽልኝ?» አለ።

«አውቶብስ እፈልጋለሁ። ሦስት። አሁኑኑ።»

«ኧረ ይቺ ሴት! ‹ደህና ነህ ወይ› አይባልም? ቤቴ ቢናድስ?» ጁዋንግ ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁ ከረር አለ። «ስሚ እህቴ፣ ክፉ ቀን ነው የመጣሽብኝ። የባሕር አምላካችን የማዙ ልደት ሰሞን ነው። እዚህ አገር ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ተሳላሚ ጭኖ ከቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ እየዞረ ነው። እኔ ራሴ ዛሬ ሥራ የገባሁት በብስክሌት ነው።»

«ጁዋንግ!»

«እሺ፣ እሺ፣ አትጩኺብኝ። ሁለት መኪና እዚያው ታይናን አለኝ። ሹፌሮቹ ምሳ ላይ ናቸው፤ ከሳህናቸው ላይ አነሣልሻለሁ። ሦስተኛው ግን አክስቴና ተሳላሚዎቿ ጋ ነው… ቆይ፣ ልለምናት። ማዙን ራሷን መለመን ይሻለኝ ነበር።»

ሁለቱ አውቶብሶች ብዙ ሳይቆዩ ደረሱ። ኩራሞቺ ክራቫቱን አጠበቀ።

«ማን ይሂድ? እርስዎ ይምረጡ» አለ። «እኔ ማንንም ብመርጥ የቀሩት ወላጆች ይበሉኛል።»

ቺዙሩ ወደ ልጆቹ ዞረች። ለበሩ የቀረበው ሦስተኛው ምድብ ነው። ከፊት የቆመችው ሺዮሪ ናት፤ የሻንጣዋን እጀታ ይዛ ለመሄድ ተዘጋጅታለች። ሦስተኛውን ምድብ ብታስቀድም ማንም ቅር አይለውም፤ ቅርብ የቆመው ቀድሞ ቢወጣ ማን ምን ይላል? ግን ይህን ባሰበችበት ቅጽበት ጆሮዋ ጋለ። ልጄን ላስቀድም ነው እንዴ? አለች በሆዷ። ሰው ባያውቅ እኔ አውቀው የለ።

«አንደኛና ሁለተኛ ምድብ ይሂዱ» አለች ቶሎ ብላ። «እኔ ከሦስተኛው ጋር እቀራለሁ።»

አውቶብሶቹ ኩራሞቺንም ይዘው ሞልተው ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛው ምድብና የምድቡ ኃላፊ መምህርት ሃያሚ ቀሩ። ሃያሚ ወጣት ናት፤ ውጭ አገር ስትወጣም የመጀመሪያዋ ነበር። ልጆቹን «አይዟችሁ፣ አይዟችሁ» ትላለች፤ የሚንቀጠቀጡት ግን የራሷ እጆች ናቸው። ቺዙሩ ከበሩ ወደ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው ወደ በሩ ስትመላለስ ሺዮሪ መንገዷ ላይ ቆመች።

«ይቅርታ ወይዘሮ። ለበሩ የቀረብነው እኛ ነበርን። ለምን ቀረን?»

«ሌላ አውቶብስ እየመጣ ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁዎትም። ለምን እነሱ ሄዱ ነው የምልዎት።»

«አንድ ምድብ መቅረት ነበረበት» አለች ቺዙሩ።

«አዎ! ሁልጊዜ አንድ የሚቀር አለ!» ሺዮሪ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ «እርስዎ» ማለቱም እዚያው ላይ አበቃ። «ሁልጊዜ የሰው ልጅ ይቀድማል፣ እኔ እቀራለሁ! የሳንባ ምች ይዞኝ ሆስፒታል ስተኛ የት ነበርሽ? ሴኡል! የሰው ልጅ ፓስፖርት ጠፍቶበት እሱን ስትፈልጊ! አሁን እንኳ ፊትሽ ቆሜ አላየሽኝም!»

ማዶካ ቀረብ ብላ የጓደኛዋን እጅጌ ያዘች።

«ሺዮሪ… እሷ እኮ…»

«እናቴ ናት» አለች ሺዮሪ። «አዎ፣ እናቴ ናት። ይኸው አወቃችሁ፤ ደስ ይበላችሁ!» ሄዳም ሻንጣዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች።

ቺዙሩ ልትከተላት አንድ እርምጃ ሄደች፤ ቆመች። እግሯ አውቶብስ ልታይ በሚል ሰበብ ወደ ውጭ ይዟት ወጣ። መንገዱ ዳር ቆማ መኪናውን ሁሉ በዓይኗ ትከተላለች፣ ግን አንዱንም አታይም። ልጇ ያለችው ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ስልኳ ጮኸ።

«እህቴ፣ አክስቴ እሺ አለች!» ጁዋንግ ነበር። «ተሳላሚዎቿ ታይናን ወርደው እንዲያርፉ ተስማምተዋል፤ አውቶብሱን ትወስጃለሽ። ብቻ…»

«ብቻ ምን?»

«ማዙ አትወርድም። የተቀረጸ ምስሏ ፊት ወንበር ላይ ናት፤ እንደ ዕቃ አንሥተው የትም አያስቀምጧትም። እሷ ካልወረደች ደግሞ አክስቴና ጓደኞቿ አይወርዱም። አራት አሮጊት ነው፤ ከስተዋል፤ ቦታ አይይዙም።»

«መኪናው የተሳፋሪ ፈቃድ አለው? ኢንሹራንስስ?»

«የኔ መኪና እኮ ነው! ከኔ በላይ ወረቀት ያለው እሱ ነው።»

ቺዙሩ ወዲያው ኩራሞቺ ጋ ደወለች። እሱ በፈጣን መንገዱ ላይ ነበር።

«የማናውቃቸው ሰዎች ከተማሪዎቻችን ጋር?» አለ። «ደንቡ አይፈቅድም እኮ! ለርዕሰ መምህሩ ምን ብዬ ልንገረው?»

«ኪሪሃታ እንዲህ አደረገች ይበሉ። ጥፋቱ የኔ ይሁን። ይህን ካልወሰድኩ ጣቢያ ውስጥ ነው የምናድረው።»

«እሺ፣ ቢያንስ ቀበቶ ይሰሩ» አለ ኩራሞቺ።

አውቶብሱ ሲመጣ ልጆቹ አፋቸውን ያዙ። ዙሪያውን ቀይና ቢጫ ባንዲራ ተሰክቶበታል፤ ውስጡ እንደ ሠርግ ቤት በመብራት ያብለጨልጫል፤ ከፊት ማይክሮፎንና ቴሌቪዥን አለ። በመጀመሪያው ወንበር ላይ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ የለበሰችው ማዙ በደንብ ቀበቶ ታስራ ተቀምጣለች። የጁዋንግ አክስት አጭር፣ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ አሮጊት ናቸው፤ አክስት ሜይ ይሏቸዋል። በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን ልጅ ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ አስገቡት፤ እጁ ላይም የኦቾሎኒ ከረሜላ አኖሩ። መምህርት ሃያሚ ላይ ሲደርሱ እጇን አይተው ሁለት ሰጧት።

ፈጣን መንገዱ ግን ፈጣን አልነበረም። ባቡር ያጣ ሰው ሁሉ መኪናውን ይዞ ወጥቷል። ከፊታቸው ዓይን እስካየ ድረስ የፍሬን መብራት ነው። አሮጊቶቹ ሙዚቃ ከፈቱ፤ አንዱ ልጅ ማይክሮፎኑን ይዞ በማያውቀው ቋንቋ እንደመጣለት ዘፈነ፤ ከኋላ ሳቁ ፈነዳ። ቺዙሩ ከሹፌሩ አጠገብ ቆማ አንገቷን ታሰግጋለች። አንድ ጊዜ ካርታ፣ አንድ ጊዜ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ መንገዱን ታያለች። አክስት ሜይ በቀሚሷ ጫፍ ጎትተው አስቀመጧት፤ እንደገና ቆመች፤ እንደገና ጎተቷት።

«ምን እያሉኝ ነው?» ብላ ጥቂት ጃፓንኛ የሚሞክረውን ሹፌር ጠየቀችው።

«ቆመሽ ብትገፊውም አውቶብሱ አይበርም ነው የሚሉሽ» አለ ሹፌሩ።

ኩራሞቺ ከአየር ማረፊያው ደወለ። ሁለቱ ምድቦች ደርሰዋል።

«አየር መንገዱን ለምኜዋለሁ» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ትንሽ ልንጠብቅ እንችላለን ብለዋል። ትደርሳላችሁ? ልጠብቅ?»

ቺዙሩ ወደ ፊት ተመለከተች። «እንደርሳለን» ማለት ትችል ነበር። አንደኛውና ሁለተኛው ምድብ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ይህኛው አውቶብስ ሳይደርስ ቢቀር ግን ሁሉም ይቀራሉ። ወደ ኋላ ዞር አለች። ሺዮሪ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነው።

«አይጠብቁን» አለች። «ሂዱ።»

ማይክሮፎኑን ከዘፋኙ ልጅ ተቀበለች። «አውሮፕላኑ አመለጠን» አለች። «ዛሬ ቤት አንገባም። የት እንደምናድርና ነገ በምን እንደምንመለስ አሁን እፈልጋለሁ፤ እስከዚያ ሁላችሁም ለየቤታችሁ ደውሉ። እናንተን ያስቀረሁ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ከዚያ ዘፋኙ ልጅ «ነገ የሒሳብ ፈተና የለም ማለት ነው?» አለ። የኋላው ወንበር በእልልታ ተናወጠ።

ቺዙሩ እንደገና ስልኳ ላይ ተተከለች። ከሰሜኑ አየር ማረፊያ ቦታ የለም። በደቡብ ከካኦሽዮንግ ወደ ኦሳካ በማግስቱ ጠዋት ቦታ ተገኘ፤ ከኦሳካ በአውቶብስ ድልድዩን ተሻግሮ ታካማትሱ። ማደሪያውን ደግሞ አክስት ሜይ ጨረሱት፤ ቤተ መቅደሳቸው የተሳላሚ ማረፊያ ስላለው ተመለሱ አሉ። ሹፌሩ በሚቀጥለው መውጫ ታጥፎ ባዶውን የደቡብ መንገድ ያዘ።

ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል ሺዮሪ ወንበሩን ተደግፋ አጠገቧ ቆማለች።

«ለአባዬ ደውያለሁ» አለች። «እሺ ብሏል።»

«ቁጭ በይ፤ መኪናው እየሄደ ነው።»

ሺዮሪ ከማዙ ኋላ ካለው ወንበር ተቀመጠች፤ ቺዙሩም ጎኗ ሆነች። 

«ለምን እኛን አስቀረሽ?» አለች ሺዮሪ። አሁን አልጮኸችም።

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«አንቺን ላስቀድም ብዬ እንዳይሆን። ራሴን ጠረጠርኩ። አንቺ እዚያ ባትኖሪ ለበሩ የቀረበውን እልክ ነበር።»

ሺዮሪ አሰበችበት። «ስለዚህ እኔ ስላለሁ ነው ሁሉም የቀረው።»

«አዎ።»

«ይሄ እኮ የለየለት ጅልነት ነው።»

«ነው» አለች ቺዙሩ።

«የማዶካ ውሻ ዛሬ ልትወልድ ነበር። ሳታይ ቀረች። ስትናደድ ደግሞ አታውቂያትም።»

«ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

«ተዪ፣ እኔ እነግራታለሁ» አለች ሺዮሪ። «ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ… ተመልሰሽ ስትመጪ አሻንጉሊት ይዘሽልኝ መጥተሽ ነበር። ጣልኩት። ቆሻሻ ውስጥ።»

«አውቃለሁ። አገኘሁት።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

ያኔ ቺዙሩ በማግስቱ ሌላ ጉዞ ነበረባት፤ ለመቆጣትም ለመለመንም ጊዜ አልነበራትም። ይህንኑ ነገረቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ይቅር አላልኩሽም፣ ግን ሰምቼሻለሁ የሚል ዓይነት ነበር። አክስት ሜይ በመካከላቸው እጃቸውን አስገብተው ለሁለቱም ከረሜላ ሰጡ፤ ወደ ቺዙሩ እያመለከቱም ሺዮሪን አንድ ነገር ጠየቋት። ሺዮሪ ትምህርት ቤት በለቀመቻት ትንሽ ቻይንኛ «እናቴ ናት» ብላ መለሰችላቸው። አሮጊቷ የቺዙሩን ጉንጭ ቆንጥጠው ሳቁ።

ከቤተ መቅደሱ ሲደርሱ ገና አልጨለመም ነበር። ልጆቹ የአትክልት ሾርባና ሩዝ በልተው ረጅሙ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ተኙ። በማግስቱ ኦሳካ ገቡ፤ አውቶብሱ ድልድዩን ተሻግሮ ከትምህርት ቤቱ በር ሲቆም ወላጆች ተሰብስበው ጠበቁ። ቺዙሩ ለእያንዳንዳቸው እጅ እየነሣች ይቅርታ ጠየቀች። አንዷ እናት «ልጄን ከማይታወቅ ሰው ጋር አሳድረሽ!» ብላ ጮኸችባት፤ አንድ አባት ደግሞ ሻንጣ አወረደላት። አለቃዋ በኋላ ቢሮው ጠርቶ ገሠጻት፤ ያ ትምህርት ቤትም ከእሷ ተወስዶ ለኦኖዴራ ተሰጠ። ቺዙሩ አልተከራከረችም።

ያን ዕለት በትምህርት ቤቱ በር ሚዞቡቺ ከመኪናው ወርዶ ከሩቅ ሰላምታ ሰጣት። ሺዮሪ ገብታ በሩን ዘጋች፤ መኪናው ሊነሣ ሲል መስኮቱን አወረደች።

«ቤትሽ የሚመጣው አውቶብስ የትኛው ነው?»

«ከጣቢያው ፊት ለፊት የሚነሣው፤ ግን በወንዙ በኩል የሚሄደው አይደለም፣ እሱ ይዞራል፤ ከሆስፒታሉ ስትወርጂ ደግሞ ተሻግረሽ…»

«እማ፣ በቃ! ጠይቄ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ቺዙሩ ከጠዋት ጀምሮ ፌርማታው ላይ ነበረች። አንዱ አውቶብስ መጥቶ ሄደ፤ ሺዮሪ የለችበትም። ከሚቀጥለው ወረደች፤ ማዶካን አስከትላ። ቺዙሩ ለሁለት ያሰበችውን ኡዶን የሚሉትን ፓስታ ለሦስት አበዛችው። ብቻቸውን የሚያወሩበት ጊዜ አላገኙም፤ ማዶካ ስለ ቡችሎቹ ስታወራ ዋለች። ሲሄዱ ሺዮሪ ጫማዋን እያሰረች «በሚቀጥለው ቅዳሜ ማዶካን አይመቻትም» አለች፣ ቀና ሳትል።

በዚያኛው ቅዳሜ ሺዮሪ አልመጣችም፤ ፈተና ነበረባት። ቺዙሩ ቀኑን ሙሉ ከመስኮት መስኮት ስትንቆራጠጥ ዋለች። በቀጣዩ መጣች፤ ብቻዋን።